የአባትን ፔጆ ሸጦ መብረር ያዋጣል?

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም ነው። እሑድ ከሰዓት ፈረስ መጋላ አጠገብ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ጓደኛዬ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሦስት ጎማ ያላት፣ ጣሪያም በርም የሌላት፣ አናቷ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ረጅም ክንፍ የሚሽከረከርባት ትንሽዬ ነገር ሣር ላይ ትንደረደራለች። መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥር ሳልደርስ መሬቱን ለቃ ሄደች። የኳስ ሜዳ ሙሉውን እንኳ አልፈለገችም። ከቪዲዮው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አቦ፣ ለሐረር የተሠራችው ይቺ ናት!»

ሳቅኩና ስልኬን አስቀመጥኩ። ማታ ግን ደወለ።

«ፔጆውን ልሸጠው ነው» አለኝ።

ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ።

ሐረርን ለማታውቁ ላስረዳ። ከተማችን ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ፔጆ 404 ታክሲዎች አሉ። ፋብሪካው ይህን መኪና ፈረንሳይ ውስጥ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ያቆመው በ1975። እኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነኝ። ስለዚህ ከእነሱ ታናሽ የምትባለው እንኳ ዕድሜዋ የእኔ እጥፍ ነው። ባጃጅ ከየመንገዱ እየገፋቸው ቢሆንም ዛሬም ሰው ከነጓዙ ጭነው ዳገት ይወጣሉ።

የጓደኛዬ አባት ዕድሜያቸውን የነዱት አንዷን ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናዋን ሹፌር ይዟታል። የቀን ገቢዋ ለእናቱ ይገባል፤ የታናሽ እህቱ የኮሌጅ ክፍያም የሚወጣው ከዚያው ነው። እሱ ራሱ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና ተምሮ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው። ደመወዙ ግን እጁን አይመስልም።

«አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሻል። ቁጥሩን ሥሪልኝ። ካዋጣ እሸጣለሁ፤ ካላዋጣ ሁለተኛ አላነሳውም» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ሠራነው። እዚህ የምጽፍላችሁ ያንን ሒሳብ ነው። ጃይሮፕሌን ሊገዛ የተነሳ አንባቢ በዝቷል ብዬ አይደለም። ግን ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ «በቃ ሥራዬ ይሄ ነው» ያላለ ማን አለ? ዶሮ እርባታ ይሁን፣ የሲሚንቶ ብሎኬት ማሽን ይሁን፣ ድሮን ይሁን፣ ሒሳቡ የሚሠራበት መንገድ አንድ ነው።

መጀመሪያ ማሽኗን እንወቃት

ጃይሮፕሌን ሄሊኮፕተር ትመስላለች እንጂ አይደለችም። ሄሊኮፕተር ላይ የላይኛውን ክንፍ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ጃይሮፕሌን ላይ ግን ሞተሩ የሚያዞረው ከኋላ የተገጠመ ተራ ፕሮፔለር ነው፤ እሱ ወደ ፊት ይገፋታል። የላይኛውን ክንፍ የሚያሽከረክረው ከፊት የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ልጆች እንጨት ጫፍ ላይ ሰክተው እየሮጡ እንደሚያዞሩት የወረቀት መሽከርከሪያ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ሄሊኮፕተር ቆማ አትነሳም፤ ትንሽ መንደርደር አለባት። አብዛኞቹ ላይ ከመነሳት በፊት ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ የላይኛውን ክንፍ ያሽከረክርላቸዋል። መንደርደሪያው የሚያጥረው በዚህ ነው። ስታርፍ ደግሞ ጥቂት ሜትር ተንከባላ ትቆማለች።

ሐሳቡን ያመጣው ሁዋን ዴ ላ ሲየርቫ የሚባል ስፔናዊ መሐንዲስ ነው። የሠራው ትልቅ አውሮፕላን ፍጥነቱ ቀንሶ ስለተከሰከሰበት፣ ፍጥነት ሲቀንስ ከአየር ላይ የማይወድቅ ነገር ፈለገ። እ.ኤ.አ. በጥር 1923 ማድሪድ አጠገብ ተሳካለት።

ትልቁ ጥቅሟም ይኸው ነው። ሞተሩ ቢጠፋ የላይኛው ክንፍ መዞሩን አያቆምም፤ እየወረደች መሬት ትደርሳለች። ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ ጠረጴዛውን መታ። «አየሽ? አትወድቅም!»

ግማሽ እውነት ነው። ክንፉ የሚሠራው የማሽኗ ክብደት ስለተንጠለጠለበት ነው። አብራሪው በፍጥነት እየበረረ መሪውን ድንገት ወደ ፊት ቢገፋና ያ ክብደት ከክንፉ ላይ ቢነሳ፣ የክንፉ ዙር ይደክማል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። በዚህ ስህተት በተለያየ አገር ብዙ ሰው ሞቷል፤ በተለይ ማሽኑን ራሳቸው ሠርተው መብረርንም ራሳቸውን ያስተማሩ ሰዎች።

ስለዚህ ወረቀታችን ላይ የመጀመሪያው ወጪ ሞተር አልሆነም፤ አስተማሪ ሆነ። አስተማሪው ደግሞ ሐረር የለም።

ሜዳው የት ነው?

ቪዲዮው ላይ መቶ ሜትር በቂ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የኳስ ሜዳ ሄደን በእርምጃ ለካነው። ከጎል እስከ ጎል መቶ ሜትር ግድም ወጣው። ጓደኛዬ ደስ አለው። እኔ ግን ሌሊቱን አንድ ነገር ሳነብ አድሬ ነበር።

ቪዲዮው የተቀረጸው ለባሕር ጠለል የቀረበ የአውሮፓ ሜዳ ላይ ነው። ሐረር ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብስበታል። እኩለ ቀን ላይ 26 እና 27 ዲግሪ ሲሆን የሐረር አየር ከባሕር ዳርቻ ቀዝቃዛ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው።

ይህ ሦስት ቦታ ይጎዳል። አንደኛ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንስ ባሕር ጠለል ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ተራ ሞተር እዚህ 75 አካባቢ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ራሱ ቀጭን ነው። ሦስተኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ቱርቦ ያለው ሞተር የመጀመሪያውን ይፈታል፤ ሌሎቹን አይፈታም።

ጓደኛዬ መከራከር አላስፈለገውም። «ፔጆው ዴንገጎ ላይ እንደሚያስለው ማለት ነው» አለ። ልክ ነው። ካርቡሬተር ያላት መኪና ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጣ የምትደክመው ዳገቱ ብቻ አድክሟት አይደለም፤ አየርም አጥሯት ነው። ልዩነቱ፣ ፔጆ ሲደክማት ጥግ ይዛ ትቆማለች።

ስለዚህ የቪዲዮው መቶ ሜትር እዚህ ከሁለት መቶ ያልፋል። ለጥንቃቄ እሱን በእጥፍ ያዝነው። አራት መቶ ሜትር ደልዳላ መሬት፣ ጫፉ ላይ የመብራት ሽቦ የሌለበት፣ ፍየልና ሕፃን የማያቋርጠው። እስቲ ሐረር ዙሪያ ፈልጉ!

ጓደኛዬ የሐረማያን ሐይቅ አስታወሰ። እኛ ልጆች ሳለን ሐይቁ ደርቆ ወለሉ የከብት መሰማሪያ ሆኖ ነበር፤ ሰፊና ደልዳላ። ችግሩ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው መመለስ ጀምሯል። «ሐይቁ በመመለሱ የተከፋሁ ብቸኛ የሐረር ልጅ እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ። ወደ ኤረር ዝቅ ቢባል ከፍታው ይቀንሳል፤ ግን መሬቱ የሰው ማሳ ነው። ማሽላ የተዘራበትን ቦታ አራት መቶ ሜትር ስጡኝ ብሎ የትኛውን ገበሬ ይጠይቃል?

የቀረው የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከፍታው 1,160 ሜትር አካባቢ፣ መንደርደሪያው ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ። ፈቃድ ከተገኘ ለእሷ ከበቂ በላይ ነው። «በአጭር ሜዳ ትነሳለች» ብለን የጀመርነው ነገር ዞሮ ዞሮ በአቅራቢያችን ካሉት ረጅሞቹ መንደርደሪያዎች ወደ አንዱ ወሰደን።

ጀጎልን ከላይ ማሳየት

ገቢው ከየት ነው? የጓደኛዬ ሐሳብ ቱሪስት ነበር። ዓለም ያወቀው ጀጎል፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ፣ 368 ቀጫጭን መንገዶች፣ ጅቦቹ፤ እነዚህን ሁሉ ከላይ ማሳየት። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ከተማ ነው፤ ፎቶው ብቻ ይሸጣል አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጓሁ። ማኪና ግርግርን ከላይ ማየት የማይፈልግ ማን ነው? ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ጀጎል መሀል ሞተሩ ቢጠፋብህ የት ታርፋለህ?»

ጃይሮፕሌን ሞተሯ ሲጠፋ በጣም አትንሳፈፍም፤ አንድ ሜትር ስትወርድ ወደ ፊት የምትሄደው ሦስት ወይም አራት ሜትር ነው። 300 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነች አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ዙሪያ ውስጥ ማረፊያ ማግኘት አለባት። ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ነው፤ ከመሀሉ ግንቡን ማለፍ ትችላለች። ግን ከግንቡ ውጭስ ምን አለ? ጣሪያ፣ ገበያ፣ ሽቦ፣ ሰው። ጓደኛዬ ስልኩ ላይ የሳተላይት ካርታውን ከፍቶ እያሰፋና እያጠበበ ረጅም ሰዓት ፈለገ። ከዚያ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። ያን ቀን ስለ ቱሪስት ሁለተኛ አላነሳም።

ጎታቿን መምረጥ

እሺ፣ ማሽኗ ሐረር ተሠርታ ድሬዳዋ ትበራለች እንበል። በምን ትሄዳለች? በቀጥታ መስመር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአየር ሃያ ደቂቃ። በመኪና ግን ዴንገጎን መውረድ አለ። መንገዱ ከ2,000 ሜትር አካባቢ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ 1,200 ይወርዳል።

ባለ ሁለት መቀመጫ ጃይሮፕሌን ባዶዋን ከ250 እስከ 280 ኪሎ ትመዝናለች። የምትጫንበት ተጎታች ጋሪ ሲጨመር 600 ኪሎ ያልፋል። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ይፈታል ወይም በርዝመቱ ታስሮ ይደገፋል፤ አለበለዚያ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር መጋጠሚያው ይጎዳል። ምርጫዎቻችንን በዚህ መንገድ አየናቸው።

የአባት ፔጆ። ከአንድ ቶን ትንሽ የምትበልጥ መኪና ናት፤ ፍሬኗ የዚያ ዘመን ፍሬን ነው። ከሸንኮር እስከ ሸዋ በር 600 ኪሎ ልትጎትት ትችል ይሆናል። ዴንገጎን ስትወርድ ግን ከኋላ ያለው ጭነት እሷን መግፋት ይጀምራል። ጭነት መጎተት ብዙም ከባድ አይደለም። ከባዱ የሚገፋህን ጭነት ማቆም ነው። ፔጆ ተሰረዘች።

ባለ ናፍጣ ፒካፕ። ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ይከብዳል፣ ማርሽ አሳንሶ በሞተር ይይዛል፣ ጎትቶ ሲጨርስ ሌላ ሥራ ይሠራል። ዋጋው ግን አይቀመስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ታክሱን ከፍ አደረገ፤ ከሰባት ዓመት በላይ ባስቆጠሩት ላይ እስከ 500 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። አገር ውስጥ ያለ ደህና ፒካፕ ዛሬ ከመኪናነት ይልቅ ወርቅ ይመስላል።

የኤሌክትሪክ መኪና። ጉልበት አለው። ነገር ግን ጭነት ሲጎትት በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ስትመለስ ግን ያው ዳገት ይጠብቅሃል።

ኪራይ አይሱዙ። ከአወዳይ ጫት ጭነው እንደ አውሮፕላን የሚበሩትን ታውቋቸዋላችሁ። ከእነሱ አንዱን ረጋ ያለ ሹፌር ፈልጎ ለአንድ ጉዞ መከራየት፤ ክንፉን ፈትቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ በገመድ አስሮ መጫን። በወር ሁለቴ ለሚደረግ ጉዞ መኪና ከመግዛት መከራየት ይረክሳል። ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ አሁንም ከምጠቀምባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ በወር ሁለት ቀን የምትሠራልህን ነገር ሠላሳ ቀን አትቀልባት።

ተጎታች ለምትጎትቱ ደግሞ አንድ ምክር። ከጋሪው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ መጋጠሚያው ላይ ይረፍ። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ጋሪው በፍጥነት ጊዜ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ይሄዳል። ይህን የነገረኝ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ደግሞ የተማረው ከአባቱ ነው።

ከእኛ በፊት የሞከሩ

«ኢትዮጵያዊ አይችልም እያልሽኝ ነው?» አለኝ አንድ ማታ ተናዶ። አላልኩም። እንዲያውም ታሪኩ ከኋላው ይቆማል።

አገራችን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ አረፈ። ከስድስት ዓመት ግድም በኋላ አዲስ አበባ ላይ «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ተሠርታ ነበር። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች።

ከዚያ አስመላሽ ዘፈሩ አለ። የተማረው የጤና ትምህርት ነው፤ አውሮፕላን መሥራትን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ አጠና። በቮልስዋገን ሞተር የሠራትን አውሮፕላን ኬ 570 ኤ አላት፤ 570 የፈጀችበት ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. ሊያስነሳት ሲሞክር ፕሮፔለሩ ላይ ችግር ገጥሞ አልተነሳችም። ጓደኛዬ ቪዲዮዋን ስንት ጊዜ እንዳየ አልነግራችሁም። እኔን የገረመኝ ግን 570 ቀን የሚለው ቁጥር ነው። ለጓደኛዬ 570 ቀን ማለት ፔጆ የሌለበት 570 የቀን ገቢ ነው።

ትንሽ አውሮፕላን በእኛው ምሥራቅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ ሰውም ነበር። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋም ይታወቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ረሃብ ሲገባ በትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር እህል አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ ማረፊያ በሌለበት ስፍራ ይጥል ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ያኔ የሐረርጌ ክፍለ ሀገር በነበረችው ጎዴ በጦርነቱ ተገደለ። ለጓደኛዬ ይህን የነገርኩት ላስፈራው አልነበረም። ፎን ሮዘን መጀመሪያ ያየው የተራበውን ሰው ነው፤ አውሮፕላኑን የመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን የጀመርነው ከአውሮፕላኑ ነው። ሥራ የምንፈልግላት አሁን ነው።

ወረቀቱ ሲዘጋ

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀታችን ይህን ይመስል ነበር።

አዲስ ባለ ሁለት መቀመጫ ጃይሮፕሌን አውሮፓ ውስጥ ብዙ አሥር ሺዎች ዩሮ ስለሚያወጣ አይታሰብም። ጓደኛዬ ሰውነቷን ጋራዥ ውስጥ በይዶ ይሠራዋል፤ በዚህ አልጠራጠረውም። የላይኛውን ክንፍ ግን አይሠራውም። የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 150 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሁለቱ ወገኖች በክብደት ትንሽ እንኳ ቢበላለጡ ማሽኗን ያራግፏታል። ስለዚህ ክንፉ ከውጭ በዶላር ይመጣል። ሞተሩም እንዲሁ። ቤንዚን በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር። አስተማሪ፣ በውጭ አገር። ከዚያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፦ የማሽኗ ምዝገባ፣ የአብራሪው ፈቃድ፣ የእያንዳንዱ በረራ ፈቃድ። መዳፍ የምታክል ድሮን እንኳ ያለ ፈቃድ በማትገባበት አገር ሰው የምትጭን ማሽን በቀላሉ አትታለፍም፤ ባትታለፍም ደግ ነው።

በስተግራ ያለው የገቢ አምድ ባዶ ነበር።

ትልቁ ቁጥር ግን የትም ደረሰኝ ላይ የማይገኘው ነው፦ ፔጆዋ በየቀኑ የምታስገባው ገንዘብ። አንድ ነገር ስትገዛ የከፈልከው ዋጋ ብቻ አይደለም ወጪው፤ ያንን ስታደርግ የተውከውም ወጪ ነው። ደግሞም ተጸጽቶ መመለስ የለም። ፔጆዋ በተሸጠችበት ብር ነገ ሌላ መኪና አይገዛም።

ይህን ሁሉ ይዘን ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና እያፈሉ ዝም ብለው ሰሙን። ስለ ፔጆው ሽያጭ አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል፤ እናት ምን አያውቅም? ልጃቸው ቪዲዮውን አሳያቸው። እየሳቁ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር መንገድ ላይ ብትቆም ማን ያነሳታል?»

መልስ አልነበረንም።

«አባቱ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረው፣ ስትሄድ አትያት፤ ስትቆም ማን እንደሚያነሳት እይ ይል ነበር። አንድ ሌሊት ዴንገጎ ላይ ቆመችበት። አንድ የማያውቀው የአይሱዙ ሹፌር በገመድ ጎትቶ እዚህ ደጃፍ ድረስ አመጣው። ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንዱ ካንዴላ፣ አንዱ ሽቦ ይዞ መጥቶ፣ ከምሳ በፊት ሥራ ወጣች።»

ሦስት ሳምንት የሠራሁት ሒሳብ ከዚህች ዓረፍተ ነገር አላለፈም። 404 ሐረር ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው የተለየ ብረት ሆና አይደለም። ስትቆም የሚያነሳት፣ ስትበላሽ የሚያውቃት፣ መለዋወጫ ከሌላ አውጥቶ የሚገጥምላት ሰው በየሰፈሩ ስላለ ነው። ጃይሮፕሌኗ ግን ብትቆም ከጓደኛዬ በስተቀር ማንም የላትም። እሱም ያን ጊዜ ላይዋ ላይ ነው።

ፔጆዋ አልተሸጠችም።

ጓደኛዬ ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በሦስተኛው ደወለና ጋራዥ ና፣ ሳይሆን «ነይ» አለኝ፤ ሲቸኩል አንዳንዴ ይሳሳታል። ለጃይሮፕሌኗ የነደፈውን ተጎታች አሳጥሮ በይዶታል። ዳገት ላይ የተበላሹ ባጃጆችን ወደ ጋራዥ ለመውሰጃ ነው። የሚጎትተው በኪራይ ፒካፕ ነው። ወረቀቱ ገና ስላላለቀ እስካሁን ሥራ አልጀመረም፤ ፈቃዱን እያሯሯጠ ነው። ያዋጣ አያዋጣ እንደሆነ አብረን እናያለን። የገቢ አምዱ ግን በዚህኛው ወረቀት ላይ ባዶ አይደለም፤ በቀን ስንት ባጃጅ ቆሞ እንደምናይ ሐረር ያለ ሰው ያውቃል።

እናንተም ነገ አንድ ቪዲዮ ይመጣላችኋል። ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ። ይህ ነገር እዚያ በሠራበት አየርና መሬት ላይ ነው ወይ የምትኖሩት? እሱን ለማንቀሳቀስ ሌላ ምን መግዛት ግድ ይላችኋል? ሲቆም ማን ያነሳዋል?

ጓደኛዬ ቪዲዮ መላኩን አላቆመም። ትናንት ማታም አንድ ልኳል፤ ጃይሮፕሌን በረሃ ላይ ስታርፍ። ምንም አልጻፈበትም። ሁለት ጊዜ አየሁት። በጣም ያምራል።